የካውንቲና የከተማ ድጎማ ለማኅበረሰብ ማኅበራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሜሪካ ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበራት ሊቀመናብርትና ገንዘብ ያዦች፣ የፌዴራሉ የድጎማ ደንብ መለዋወጥ ከጀመረ ወዲህ አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ካውንቲው ወይም ከተማው ለማኅበራት የሚሰጠው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ከሁለት ኪስ ነው። አንደኛው የራሱ ኪስ ነው፤ ከቤትና ከመሬት ግብር፣ እንደየአካባቢው ደግሞ ከገቢ ወይም ከሽያጭ ግብር ይሞላል። ሲያትልን የሚያካትተው የኪንግ ካውንቲ መራጭ ለምሳሌ ለአረጋውያን፣ ለቀድሞ ወታደሮችና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለውን ልዩ የንብረት ግብር በ2023 በድምፁ አድሶታል፤ እስከ 2029 ይዘልቃል። ሁለተኛው ኪስ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ገንዘቡ ለካውንቲው ይላካል፣ ካውንቲውም ለማኅበራት ያከፋፍላል።

ከሁለተኛው ኪስ በሰፊው የሚታወቀው በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የማኅበረሰብ ልማት ድጎማ ነው፤ በምኅጻሩ ሲ.ዲ.ቢ.ጂ. ይባላል። በጥቅሉ 50,000ና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች፣ 200,000ና ከዚያ በላይ ያላቸው ካውንቲዎች በቀጥታ ያገኙታል። ነገር ግን ለአገልግሎት፣ ማለትም ለምግብ እደላ፣ ለእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ለሥራ ፍለጋ እገዛና ለመሳሰሉት የሚውለው በጥቅሉ 15 በመቶው ብቻ ነው፤ የቀረው ለቤት እድሳት፣ ለእግረኛ መንገድ፣ ለሕንፃና ለአስተዳደር ይሄዳል። “ካውንቲው ይህን ሁሉ ሚሊዮን ተቀብሎ ለእኛ ሃያ ሺህ ወረወረልን” የሚል ቅሬታ በየስብሰባው እሰማለሁ። የቅሬታው ግማሽ መልስ ያቺ 15 በመቶ ናት፤ የአካባቢው ማኅበራት በሙሉ የሚሻሙት እሷኑ ነው።

የእኛ ገንዘብ የፌዴራል ይሁን የካውንቲው በምን እናውቃለን?

በቼኩ አይታወቅም፤ ቼኩን የሚጽፈው ያው ካውንቲው ነው። የገንዘቡን ዘር ማንዘር የሚናገረው ውሉ ነው። አስተላላፊው አካል፣ ማለትም ካውንቲው ወይም ከተማው፣ ገንዘቡ የፌዴራል ከሆነ ይህንኑ በውሉ ላይ የመግለጽ ግዴታ አለበት። በአባሪዎቹ ውስጥ መካከሉ ነጥብ ያለበት ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። 14.218 ካያችሁ ሲ.ዲ.ቢ.ጂ. ነው። 21.027 በወረርሽኙ ጊዜ ለግዛቶችና ለአካባቢ መስተዳድሮች የተለቀቀው የማገገሚያ ገንዘብ ነው። 93.569 ድህነትን ለመቀነስ የሚሰጠው የማኅበረሰብ አገልግሎት ድጎማ ነው። ከነጥቡ በፊት ያሉት ሁለት አሃዞች መሥሪያ ቤቱን ይጠቁማሉ፤ 14 የቤቶች ልማት፣ 21 የግምጃ ቤት፣ 93 የጤና ነው።

አንዳንዱ ካውንቲ ደግሞ ሁለቱን ኪስ በአንድ ቋት ያዋህዳል። በቨርጂኒያ የፌርፋክስ ካውንቲ የጋራ የማኅበረሰብ ድጎማ ቋት የካውንቲውን ገንዘብ ከፌዴራል ድጎማ ጋር አቀላቅሎ ሲያከፋፍል ኖሯል። እንዲህ ባለ ቦታ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ማኅበራት በአንድ ጥሪ ተወዳድረው፣ አንደኛው የፌዴራል ደንብ ያለበትን፣ ሌላው የሌለበትን ገንዘብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ለካውንቲው ባልደረባ በኢሜይል ጻፉ፤ “የዚህ ውል የገንዘብ ምንጭ ምንድን ነው? የፌዴራል ከሆነ የፕሮግራሙ ቁጥር ስንት ነው?” በሉ። መልሱን አትማችሁ ከውሉ ጋር አያይዙት። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የሚወሰነው በዚህች ኢሜይል ነው።

እድራችን ማመልከት ይችላል?

እድር በተፈጥሮው ለአባላቱ የቆመ ነው፤ የከፈለ ይቀበራል፣ የከፈለ ይጽናናል። መንግሥት ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ የሚሰጠው ለሕዝብ ለሚያገለግል ድርጅት ነው። እድሩን እንዳለ ይዞ ከመሄድ ይልቅ ከጎኑ በግዛቱ የተመዘገበና በግብር ሕጉ 501(ሲ)(3) የተባለውን ደረጃ ያገኘ የበጎ አድራጎት ድርጅት ማቋቋም ይሻላል። የሁለቱ የባንክ ሒሳብ ግን አይነካካ። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ትንንሾች የዚህን ደረጃ አጭሩን የማመልከቻ ቅጽ በ275 ዶላር ማስገባት ይችላሉ፤ ረጅሙ 600 ዶላር ያስከፍላል።

ብዙ ማኅበር የሚሰናከለው በምሥረታው ሳይሆን ከምሥረታው በኋላ ነው። ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚቀርበውን ዓመታዊ የ990 ቅጽ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላስገባ ድርጅት ደረጃው በራሱ ጊዜ ይሰረዛል፤ ማስጠንቀቂያው የተላከው አድራሻውን ወደቀየረ የቀድሞ ሊቀመንበር ቤት ሊሆን ይችላል። ትንንሾች የሚሞሉት ባለ ጥቂት መስመር የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ ያልቃል፤ ነገር ግን “ማን ያስገባዋል?” የሚለው ጥያቄ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በተለወጠ ቁጥር ይጠፋል። ደረጃው ገና ያልተገኘለት ማኅበር ደግሞ በሌላ በታወቀ ድርጅት ጥላ ሥር ሆኖ፣ ከሚገኘው ገንዘብ የተወሰነ በመቶ ለዚያ ድርጅት እየከፈለ ማመልከት ይችላል።

ቤተ ክርስቲያናችን ወይም መስጊዳችንስ?

ይችላል። ድጎማው ግን ለአምልኮም ሆነ ለሃይማኖት ትምህርት አይውልም፤ የተረዳው ሰውም በአምልኮው እንዲሳተፍ አይገደድም። አዳራሹ ቅዳሜ ጠዋት ምግብ የሚታደልበት፣ እሑድ የሚዘመርበት ቢሆን ችግር የለውም፤ ሰዓቱና ሒሳቡ ይለይ።

የማመልከቻ ጊዜው መቼ ነው?

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካውንቲዎች የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነው፤ በዋሽንግተን ዲሲ ኦክቶበር 1፣ በሲያትል ጃንዋሪ 1። ውሳኔው ግን የሚሰጠው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ሥራ አስፈጻሚ የበጀት ረቂቁን እስከ ማርች 15 ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ እስከ ጁን 1 ያጸድቃል። የሐምሌውን ገንዘብ በሰኔ ፍለጋ የሚወጣ ማኅበር ሰኔና ሰኞ ይገጥምበታል። በዲሲ ያላችሁ የከንቲባውን የአፍሪካ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ጥሪዎች ተከታተሉ፤ ለአፍሪካውያን ማኅበረሰቦች የሚያገለግሉ ድርጅቶችን ለይቶ ድጎማ የሚያወጣ ቢሮ ነው።

ገንዘቡ ቀድሞ ይሰጠናል ወይስ አውጥተን ነው የምንጠይቀው?

አብዛኛውን ጊዜ አውጥታችሁ ነው። የ60,000 ዶላር ድጎማ አሸነፋችሁ ማለት 60,000 ዶላር ባንክ ገባ ማለት አይደለም። በወር 5,000 እያወጣችሁ፣ በማግስቱ ወር የክፍያ መጠየቂያ አስገብታችሁ፣ ደረሰኝ ተመርምሮ፣ ጥያቄ ተመላልሶ፣ ከዚያ ነው የሚተካላችሁ። ሁለትና ሦስት ወር መዘግየቱ ብርቅ ስላልሆነ 15,000 ዶላር የራሳችሁ መንቀሳቀሻ ከሌላችሁ፣ ያሸነፋችሁት ድጎማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ትንንሽ ማኅበራት የሚዘጉት ገንዘብ አጥተው ብቻ አይደለም፤ የሚገባቸውን ገንዘብ ሲጠብቁም ይዘጋሉ።

በአንድ ማኅበር ሒሳብ ሳግዝ የደረሰብንን ልንገራችሁ። ደረሰኞቹ በጫማ ሳጥን ውስጥ ነበሩ፤ የዘይት፣ የምስር፣ የሩዝ። ሳጥኑ ከክፍል ማሞቂያው አጠገብ ስድስት ወር ተቀምጦ ነበርና ከፍተን ስናይ የገበያ ማዕከሉ ስስ ወረቀት ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ አንድ ቁጥር አይነበብም። የአስተባባሪዋ የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ ደግሞ የ12 ሳምንቱ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን ተፈርሞ ቀረበ። ሥራው በእርግጥ ተሠርቷል፤ ምግቡን የበሉት ሰዎች አሉ። ካውንቲው ግን ሁለቱንም አልተቀበለም፤ እውነቱን ለመናገር ልፈርድበት አልችልም። ከዚያ ወዲህ ደንባችን አንድ ነው፤ ደረሰኝ ከመደብሩ በር ሳይወጣ በስልክ ፎቶ ይነሳል፣ ሰዓት ዓርብ ዓርብ ይፈረማል።

መብታችሁንም እወቁ። ገንዘቡ የፌዴራል ከሆነ አስተላላፊው የተሟላ የክፍያ መጠየቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለበት። በቂ መንቀሳቀሻ ለሌለው ማኅበር የመነሻ ቅድሚያ ክፍያ መስጠትንም የፌዴራሉ ደንብ ይፈቅዳል። የሚጠይቁት ግን በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ ውል ከመፈረሙ በፊት ጠይቁ፣ ከተፈረመ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ለቢሮ፣ ለመብራት፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የምናወጣውን ማስገባት እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ ይህ ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ ይባላል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የተሻሻለ የፌዴራል ደንብ፣ ከመንግሥት ጋር የተደራደሩበት የራሳቸው ተመን የሌላቸው ድርጅቶች ያለ ብዙ ማስረጃ እስከ 15 በመቶ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቀድሞ 10 በመቶ ነበር። ስሌቱ ግን ከጠቅላላው ድጎማ ላይ አይደለም። እንደ ኪራይና ትልልቅ ዕቃ ያሉ ወጪዎች ከመሠረቱ ይቀነሳሉ፤ ከዚያ የቀረው ላይ ነው 15 በመቶው የሚሰላው። ቀጥተኛው ወጪ 50,000 ሆኖ 10,000ው ኪራይ ከሆነ የምታገኙት የ40,000ው 15 በመቶ፣ 6,000 ዶላር ነው።

“እኛ ከ10 በላይ አንከፍልም” የሚል ባልደረባ ቢገጥማችሁ የገንዘቡን ምንጭ ተመልከቱ። የፌዴራል ከሆነ ሌላ ሕግ ካልገደበ በስተቀር አስተላላፊው ተመኑን እንዲቀንስ ማስገደድ አይፈቀድለትም። የካውንቲው የራሱ ገንዘብ ከሆነ ግን እንደፈለገ ይወስናል። በ2025 መጀመሪያ በዜና የሰማችሁት የ15 በመቶ ክርክር የዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ለእነሱ 15 ቅነሳ ነው፣ ለእኛ ጭማሪ።

ኦዲት ግዴታ ነው?

በዓመት ከሁሉም ምንጭ ተደምሮ 1,000,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ልዩውን የፌዴራል ኦዲት ያስደርጋል፤ ቀድሞ 750,000 ነበር። ከዚያ በታች ብትሆኑም ካውንቲው በራሱ ደንብ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል፤ ወጪውን በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ሰነዶች የመጨረሻው ሪፖርት ከገባ በኋላ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይቀመጡ።

ከ2025 ወዲህ በፌዴራሉ በኩል ምን ተለወጠ?

የመጀመሪያው ድንጋጤ የጃንዋሪ 27ቱ ነው። የዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ የፌዴራል ድጎማ በሰፊው ለጊዜው እንዲቆም ሲያዝ፣ አንዲት የፌዴራል ዳኛ በማግስቱ ሊፈጸም ደቂቃዎች ሲቀሩት አገዱት፤ ጃንዋሪ 29 ቀን የትእዛዙ ማስታወሻ ተሰረዘ። ከሳሾቹ ራሳቸው ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ነበሩ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የፈጀው፤ ነገር ግን በዚያ ሳምንት የካውንቲ የገንዘብ ክፍሎች “እስክናጣራ ክፍያ አቁሙ” ያሉባቸውን ቀናት ገንዘብ ያዦች አይረሷቸውም። በዚያው ወር የስደተኞች ሠፈራ ፕሮግራም መታገዱ ደግሞ ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ለመጡ ስደተኞች ቤት የሚከራዩ፣ ልጆችን ትምህርት ቤት የሚያስመዘግቡ ሠራተኞች በየቦታው ከሥራ ተሰናበቱ።

ሁለተኛው ኦገስት 7 ቀን 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ነው። አዳዲስ ድጎማዎችን የፖለቲካ ተሿሚዎች እንዲመረምሩ ያዛል፤ መንግሥት “ለእኔ አልተመቸኝም” ብሎ ውል የሚያቋርጥበት አንቀጽ በደንቡ እንዲገባ ይጠይቃል፤ ገንዘብ በተሳበ ቁጥር የጽሑፍ ማብራሪያ እንዲቀርብም ያሳስባል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ካውንቲው ገንዘቡን ለመሳብ ማብራሪያ ሲጽፍና ፈቃድ ሲጠብቅ ግን የእናንተ የክፍያ መጠየቂያ ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

ሦስተኛው የበጀቱ ጉዳይ ነው። አስተዳደሩ ለ2026 ባቀረበው በጀት ሲ.ዲ.ቢ.ጂ.ን ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርቧል። የፕሬዚዳንት የበጀት ሐሳብ ሕግ አይደለም፤ ገንዘብ የሚመድበው ምክር ቤት ነው፤ ይህ ፕሮግራም ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦበት ተርፏል። ሆኖም ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 የዘለቀው የ43 ቀን የመንግሥት መዘጋት፣ ያልተሰረዘ ገንዘብም በሰዓቱ ላይመጣ እንደሚችል አሳይቷል።

ውላችን መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል? ያወጣነውስ?

ሊቋረጥ ይችላል። አሁንም ያለው ደንብ ድጎማው “የመሥሪያ ቤቱን ቅድሚያ ትኩረት ከእንግዲህ አያሳካም” ተብሎ በውሉ መሠረት እንዲቋረጥ በር ይከፍታል፤ በርካታ የ2025 መቋረጦች የተደገፉት በዚህች ሐረግ ነው። በካውንቲው ውል ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ “የፌዴራል ገንዘብ ከቀረ ይህ ውል ይቀራል” የሚል አንቀጽ አለ። የማስጠንቀቂያው ቀን ስንት እንደሆነ ፈልጉ፤ 30 ቀን የሚሉ አሉ፣ ወዲያውኑ የሚሉም አሉ። ሠራተኛ ስትቀጥሩ ወይም ቢሮ ስትከራዩ ይህን ቁጥር አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ የሦስት ዓመት ኪራይ ውል በ30 ቀን በሚቋረጥ ገንዘብ ላይ አይፈረምም።

መቋረጡ ከጸናበት ቀን በፊት በአግባቡ የገባችሁበት ወጪ በጥቅሉ ይከፈላችኋል። ከዚያ ቀን በኋላ የምታወጡት ግን በግልጽ ካልተፈቀደ የራሳችሁ ነው። ደብዳቤው በደረሰ ቀን ሥራ አቁሙ፣ እስከዚያ ሰዓት ያለውን ሒሳብ ዝጉ፣ መጠየቂያውን ለወር መጨረሻ ሳታሳድሩ አስገቡ። “ቤተሰቦቹን እንዴት እንተዋቸው?” ብለው ሥራውን ከኪሳቸው የቀጠሉ አውቃለሁ። ልቡ ያማረ ነው፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰላቸውም።

የፌዴራሉ ገንዘብ ሲቀር ካውንቲው ይሞላልናል?

ጥቂቱን ሊሞላ ይችላል፣ ሁሉን ግን አይችልም። የአካባቢ መስተዳድር እንደ ፌዴራሉ እየተበደረ የዕለት ወጪውን አይሸፍንም፤ በጀቱን ማመጣጠን አለበት። በዋሽንግተን ዙሪያ ደግሞ የፌዴራል ሠራተኞች በብዛት ሲቀነሱ የግብር ገቢውም አብሮ ይጎዳል፤ ማኅበራት በር ላይ የሚቆመው ሰው በበዛበት ሰዓት ማለት ነው። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን ከምግብ ድጎማ ካርዱ ማስወጣቱ ይህን ሰልፍ አስረዝሞታል።

ሌላም ብዙ ያልተወራለት ገደል አለ። በ2021 የወጣው የወረርሽኝ ማገገሚያ 350 ቢሊዮን ዶላር ለግዛቶችና ለአካባቢ መስተዳድሮች ሰጥቷል፤ ገንዘቡ በውል መታሰር የነበረበት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ ወጥቶ ማለቅ ያለበት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2026 ነው። በውላችሁ ላይ 21.027 ካያችሁ፣ ያ ገንዘብ ማንም ሳይጣላችሁ፣ ምንም ትእዛዝ ሳይወጣ በራሱ ጊዜ ያልቃል።

የምናገለግለው አማርኛ ተናጋሪዎችን ነው። ይህ አሁን ተከለከለ?

በቋንቋ ማገልገልና ሰውን በዘሩ መመለስ የተለያዩ ናቸው። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የተቀበለ ድርጅት በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ማግለል ጥንቱንም ተከልክሏል። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ መቅጠር ማንንም አያገልም። ማመልከቻው ላይ “ኢትዮጵያውያን ብቻ” ብሎ መጻፍ ግን ያገላል፤ ጥያቄ ያስነሳል። በደንባችሁ፣ በበራሪ ወረቀታችሁና በምዝገባ ቅጻችሁ ላይ አገልግሎቱ ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ጻፉ። አጻጻፍ ብቻ አይሁን፤ የሆንዱራስ ተወላጅ ጎረቤት ቅዳሜ ለምግብ ከተሰለፈ ይቀበል።

በማርች 2025 እንግሊዝኛ ይፋዊ ቋንቋ ነው የሚለው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የወጣውን የ2000ውን የቋንቋ ተደራሽነት ትእዛዝ ሽሯል። የ1964ቱን ሕግ ግን ሊሽር አይችልም፤ የአካባቢ ሕጎችንም እንዲሁ። ዲሲ በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ዛሬም ሕግ ነው፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱም አማርኛ ነው።

የተገልጋዮችን የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ አለብን?

የ1996ቱ የማኅበራዊ እርዳታ ሕግ አንዳንድ የፌዴራል ጥቅሞችን የተወሰነ የኢሚግሬሽን ደረጃ ላላቸው ብቻ ፈቅዷል። ያው ሕግ ግን ለትርፍ ያልቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተገልጋዩን ደረጃ እንዲያጣራ እንደማይገደድ በግልጽ ይናገራል። በጁላይ 2025 የጤና ሚኒስቴሩና ሌሎች መሥሪያ ቤቶች “የፌዴራል ጥቅም” የሚባሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አሰፉት፤ ለምሳሌ የሕፃናት ቅድመ ትምህርት ፕሮግራሙን ጨመሩ። ክስ ባቀረቡ ግዛቶች ውስጥ ይህ እንዳይፈጸም ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር አግዷል። የምትኖሩበት ግዛት ከከሳሾቹ መሆን አለመሆኑ መልሱን ስለሚለውጠው፣ ካውንቲው የሚጠብቅባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።

እስከዚያ ድረስ በውሉ ያልተጠየቃችሁትን መረጃ አትሰብስቡ። “ይጠቅም ይሆናል” ተብሎ የተያዘ የፓስፖርት ቅጂ የማኅበሩን የሰነድ መሳቢያ ከማጨናነቅ ውጪ ጥቅም የለውም፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። የገቢ ደረጃና የመኖሪያ አድራሻ ከተጠየቃችሁ እነዚያኑ ብቻ ያዙ።

ካውንቲው “ሕገ ወጥ የብዝኃነት ፕሮግራም አናካሂድም” የሚል ማረጋገጫ ላከልን። እንፈርም?

ይህ ከጃንዋሪ 2025ቱ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የመጣ ነው፤ ከሁሉም ጥያቄዎች በላይ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ጀርባው ያለው ግን በሐሰት መንግሥትን ገንዘብ መጠየቅን የሚከለክለው ሕግ ነው። በዚያ ሕግ የተፈረደበት የጉዳቱን ሦስት እጥፍና በእያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ቅጣት ይከፍላል። መንግሥት ብቻ ሳይሆን ግለሰብም፣ ለምሳሌ ተጣልቶ የወጣ የቀድሞ ሠራተኛ፣ በመንግሥት ስም ከስሶ ከተገኘው ድርሻ ሊወስድ ይችላል።

ትእዛዙ ራሱ “ሕገ ወጥ” የሆነው ምን እንደሆነ ዘርዝሮ አልተናገረም፤ ፍርድ ቤቶችም እየተከራከሩበት ነው። ስለዚህ ሊቀመንበሩ ቅዳሜ ማታ በስልኩ ነካ አድርጎ አይፈርመው። ለቦርዱ ይቅረብ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ጠበቃ ይየው። በብዙ ከተሞች ለትንንሽ ድርጅቶች በነፃ የሚሠሩ የጠበቆች ፕሮግራሞች አሉ፤ ወረፋቸው ረጅም ስለሆነ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ደውሉ። ብዙ ማኅበራት ፕሮግራማቸውን ፈትሸው፣ የሚያስነቅፍ አጥተው ፈርመዋል። ያልፈረሙም አሉ።

በጀቱ እንዳይቀነስ ምክር ቤት ሄደን መናገር እንችላለን?

ትችላላችሁ፤ እንዲያውም የሲ.ዲ.ቢ.ጂ. ደንብ ካውንቲው የሕዝብ አስተያየት መስሚያ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። 501(ሲ)(3) ድርጅት ስለ ሕግና በጀት በልክ መሟገት ይፈቀድለታል፤ ዕጩ ደግፎ መቀስቀስ ግን ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ለሙግቱ የዋለው የሠራተኛ ሰዓትና የመኪና ኪራይ በፌዴራል ድጎማው ሒሳብ ውስጥ አይግባ። የአባላት መዋጮ ለዚህ ጥሩ ነው። በመስሚያው ላይ የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ የማኅበሩን ታሪክ ከምሥረታው የሚጀምር ተናጋሪ ቁጥሩን ሳይደርስበት ደወሉ ይጮህበታል።

እንግዲያውስ የፌዴራሉን ገንዘብ ብንተወው አይሻልም?

ለአንዳንዱ ይሻላል። በዓመት 8,000 ዶላር ለማግኘት የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ የግዥ ደንብ፣ መድን፣ ማረጋገጫና የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚጠየቅ፣ በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚሠራ ማኅበር፣ ያንኑ ገንዘብ በአንድ የእራት ምሽት ቢሰበስበው ይቀለዋል። ለካውንቲው “ከራሳችሁ ገንዘብ የሚሆን ትንሽ ድጎማ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ አንዳንዶቹ ለትንንሽ ማኅበራት የሚሆን ቀለል ያለ ጥሪ አላቸው።

ሦስት ደመወዝተኛ ሠራተኛ ያለው፣ በዓመት መቶዎች ቤተሰቦችን የሚያገለግል ድርጅት ግን ይህን በር ዘግቶ መኖሩ ይከብደዋል። ለእሱ የምመክረው ድርሻውን መለካት ነው። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ስም ጻፉ፤ ከጎኑ ደመወዙ ከየትኛው ኪስ እንደሚመጣና ኪሱ ቢደርቅ ስንት ወር ማቆየት እንደምትችሉ ጻፉ። በአንድ ወረቀት ላይ ያልቃል። ይህን ሠንጠረዥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሠራ ከአራቱ ስሞች ሦስቱ ከአንድ የፌዴራል ቁጥር ጎን ተሰልፈው አገኘናቸው፤ ቦርዱ የዚያኑ ዕለት ማታ ስለ መጠባበቂያ ገንዘብ መነጋገር ጀመረ።